የሞገድ ስሌት የሚፈተነው በውሃው ገጽ ላይ ነው

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1995 በሰሜን ባሕር የኖርዌይ ክልል፣ በድራውፕነር የጋዝ መድረክ ላይ የተተከለ ወደ ታች ያነጣጠረ የሌዘር መለኪያ ያልተለመደ ሞገድ መዘገበ። ሞገዱ ከዝቅታው እስከ አናቱ 25.6 ሜትር ነበር፤ አናቱ ብቻውን ከአማካዩ የባሕር ጠለል 18.5 ሜትር ከፍ ብሏል። በሰዓቱ የነበረው ማዕበል ወካይ የሞገድ ቁመት (የትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ ሞገዶች አማካይ) ግን 12 ሜትር ገደማ ነበር። በመድረኩ ላይ የታየው መጠነኛ ጉዳትም የተመዘገበው ቁጥር የመሣሪያ ስህተት እንዳልሆነ መሰከረ።

መሐንዲስን ከ25.6 ይበልጥ የሚያስጨንቀው 18.5 ነው። የመድረክ ወለል ወይም የነፋስ ተርባይን መወጣጫ ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ይቀመጥ የሚለውን የሚወስነው የሞገዱ አናት ነውና። መስመራዊው ቀመር አንድን ወጥ ሞገድ ከጠለሉ በላይና በታች እኩል ስለሚከፍለው የ25.6 ሜትር ሞገድ አናት በእሱ ሂሳብ 12.8 ሜትር ብቻ ነው። ጆርጅ ስቶክስ በ1847 ያሳየውን የሁለተኛ እርከን ማስተካከያ ብንጨምርበት፣ 70 ሜትር ጥልቀትና 12 ሰከንድ ገደማ ፔሪየድ (አንድ አናት አልፎ ቀጣዩ እስኪመጣ ያለው ጊዜ) ይዘን፣ አናቱ ወደ 15.5 ሜትር ከፍ ይላል። አሁንም 3 ሜትር ይቀራል። የቀረው ከፊሉ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ሞገዶች በአንድ ቦታና በአንድ ቅጽበት ተገጣጥመው ስለሚደራረቡ፣ ከፊሉ ደግሞ ከሁለተኛው እርከን በላይ ካሉ ኢ-መስመራዊ (ከሞገዱ ቁመት ጋር በቀጥታ የማይመጣጠኑ) ውጤቶች የሚመጣ ነው። ይህን በወረቀት ላይ ጨርሶ መፍታት አይቻልም። በኮምፒውተር፣ እርምጃ በእርምጃ መሰላት አለበት።

ስሌቱ ዛሬ ይበልጥ የሚፈለገው በሰሜን ባሕር የነፋስ ተርባይኖች እየበዙና ከዳርቻው እየራቁ በመሄዳቸው ነው። አንድ የመሠረት ንድፍ በብዙ ተርባይኖች ላይ ስለሚደገም በአናቱ ግምት ላይ የተሠራ ስህተትም አብሮ ይደገማል። ለዚህ ሥራ ከሚመረጡት መንገዶች አንዱ የፋይናይት ኤለመንት ዘዴ ነው፤ ውሃውን ኤለመንት በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ፣ ሜሽ በሚባለው መረባቸው ላይ ያሰላል። ዘዴውን ለሕንፃና ለድልድይ የሚያውቁት ሰዎች ወደ ሞገድ ሲያመጡት ብዙ ጊዜ የሚጠነቀቁት ለውሃው ውስጥ ነው። የውሃው ውስጥ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ውጤት የሚበላሸው ገጹ ላይ ነው፤ ጥንቃቄውም ሁሉ እዚያ መዋል አለበት።

የሚፈታው ምንድን ነው?

ውሃው አይጨመቅም፣ ዝልግልግነት የለውም፣ በውስጡም ሽክርክሪት የለም ብለን እንነሳ። ያኔ በየነጥቡ ያለው ፍጥነት ሁሉ ፖቴንሻል ከሚባል አንድ መጠን ይገኛል፤ ፖቴንሻሉም በውሃው ውስጥ የላፕላስን እኩልታ፣ ማለትም ወደ አንድ ነጥብ የሚገባው ውሃ ከሚወጣው ጋር እኩል ነው የሚለውን፣ ያሟላል። ከታች ውሃው የባሕሩን ወለል ሰርስሮ አያልፍም። ከላይ ሁለት ሁኔታዎች አሉ፦ ገጹ ላይ ያለ ውሃ ከገጹ አይለይም፣ የውሃውም ግፊት እዚያ ከአየሩ ግፊት ጋር እኩል ነው። ሁለተኛው ግፊትን ከፍጥነትና ከከፍታ ጋር በሚያያይዘው በቤርኑሊ እኩልታ ይጻፋል።

የላፕላስ እኩልታ ራሱ መስመራዊ ነው። ኢ-መስመራዊነቱ በሙሉ ያለው ከላይ ነው፤ ያም በሁለት መልክ ይገባል። አንደኛ፣ ቤርኑሊ የፍጥነትን ካሬ ይዞ ይመጣል። ሁለተኛውና ይበልጥ ከባዱ፣ ሁኔታዎቹ የሚጻፉበት ገጽ የት እንዳለ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ገጹ ራሱ የመልሱ አካል ነው። ሉክ በ1967 ያሳየው የቫሪዬሽን መርህ (መልሱ ትንሽ ሲነካ ኢንቴግራሉ የማይለወጥበትን የሚፈልግ) የውስጡን እኩልታም የገጹንም ሁለት ሁኔታዎች ከአንድ ኢንቴግራል ያወጣቸዋል። ይህ የሒሳብ ውበት ብቻ አይደለም፤ ከታች እንደምናየው የኢነርጂ ጥበቃን ከሥሩ የሚያስተካክለው እሱ ነው።

ቁጥሮቹ እንዲጨበጡ የድራውፕነርን ሞገድ በ1 ለ35 እናሳንሰው። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ፍሎዌቭ በተባለው ገንዳ ውስጥ ሞገዱ ዳግም ሲፈጠር የተሠራበት ልኬትም ይኸው ነው። 70 ሜትሩ ጥልቀት 2 ሜትር፣ 25.6 ሜትሩ ቁመት 73 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጊዜ የሚያንሰው በ35 ሳይሆን በ35 ስኩዌር ሩት ስለሆነ 12 ሰከንዱ ወደ 2 ሰከንድ ይወርዳል። በ2 ሜትር ጥልቀት የ2 ሰከንድ ሞገድ ርዝመቱ 6.05 ሜትር ነው፤ አናቱ በሰከንድ 3.03 ሜትር ይሄዳል፣ ኢነርጂው ግን የሚጓዘው በሰከንድ 1.71 ሜትር ብቻ ነው። በኮምፒውተር ውስጥ 40 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ ሁለት አቅጣጫ (ርዝመትና ጥልቀት እንጂ ስፋት የሌለው) ገንዳ እንሥራ፤ ሞገዶቹ 20 ሜትር ላይ ይገጣጠሙ።

ሜሹ

የመጀመሪያው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ብዙ ሰው የኤለመንቱን ስፋት የሚመርጠው ዋናውን የ6.05 ሜትር ሞገድ አይቶ ነው። ነገር ግን ኢ-መስመራዊነት እጥፍ ድግግሞሽ ያላቸውን ሞገዶች ይወልዳል፤ የ1 ሰከንድ ፔሪየድ ያለው ነፃ ሞገድ በዚህ ገንዳ ርዝመቱ 1.56 ሜትር ብቻ ነው። አናቱን የሚያሾሉት እነዚህ አጫጭር ሞገዶች ስለሆኑ ሜሹ መሠራት ያለበት ለእነሱ ነው። አንደኛ ዲግሪ ኤለመንት ከተጠቀምን በአንድ የሞገድ ርዝመት ቢያንስ 20 ያስፈልጋል፤ 1.56 ሜትሩን ለ22 ስንከፍለው 7 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 40 ሜትሩ 571 አምድ ይዞ ተከፈለ ማለት ነው። ከፍ ያለ ዲግሪ ያላቸው ኤለመንቶች በጣም ባነሰ ቁጥር ተመሳሳይ ጥራት ይሰጣሉ፤ ቢሆንም ከዚህ በታች የምንጠቅሰውን የአለመረጋጋት ችግር ያባብሳሉ።

ሽቅብ 10 ንብርብር ይበቃል፤ እኩል ግን አይከፈሉም። የ1.56 ሜትሩ ሞገድ እንቅስቃሴ ከገጹ 25 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ስንል ወደ 37 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ የላይኛው ንብርብር 4.7 ሳንቲ ሜትር ሆኖ እያንዳንዱ ቀጣይ በ1.3 እየተባዛ ቢወፍር አሥሩ ተደምረው 2 ሜትር ይሞላሉ፤ የመጨረሻው ግማሽ ሜትር ይሆናል። ጠቅላላው 5,710 ኤለመንትና 6,292 ኖድ (የኤለመንቶቹ ማዕዘን ነጥብ) ነው።

ኖዶቹን ቁጥር ሲሰጡ ከላይ ወደ ታች፣ አምድ በአምድ ይቁጠሩ። እንዲህ ከሆነ የኖዶቹን እኩልታዎች በያዘው ማትሪክስ ውስጥ አንድ ኖድ ከእሱ በ12 ቁጥር ከሚርቅ ጎረቤት በላይ አይገናኝም፤ ማትሪክሱ ቀጭን ባንድ ስለሚሆን በቀጥታ ፍቺ ወዲያው ያልቃል። በገንዳው ርዝመት ከተቆጠረ ርቀቱ 573 ይደርሳል፤ ሥራውም በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ማትሪክሱ ሲሜትሪክና ፖዘቲቭ ስለሆነ በድግግሞሽ ወደ መልሱ የሚቀርበው ኮንጁጌት ግራዲየንትም ይሠራል፤ ለባለ ሁለት አቅጣጫ ገንዳ ግን የባንዱ ፍቺ ይሻላል።

አንድ የጊዜ እርምጃ

በእርምጃው መጀመሪያ የገጹ ከፍታና በገጹ ላይ ያለው ፖቴንሻል ይታወቃሉ። መጀመሪያ ሜሹ ከገጹ ጋር ይስተካከላል። ቀጥሎ የላፕላስ እኩልታ በገጹ ላይ የታወቀውን ፖቴንሻል ይዞ ይፈታል። ሦስተኛ፣ ከመልሱ የገጹ ፍጥነት ይወጣል። በመጨረሻም በዚህ ፍጥነት ገጹና ፖቴንሻሉ አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳሉ። በአራተኛ እርከን የሩንግ-ኩታ ዘዴ ይህ ሁሉ በአንድ እርምጃ አራት ጊዜ ይደገማል። እርምጃው 0.025 ሰከንድ ሆኖ 40 ሰከንድ ብንከታተል 1,600 እርምጃ፣ ማለትም 6,400 ጊዜ የላፕላስ ፍቺ ነው። ይህ ተራ ላፕቶፕ የሚችለው ሥራ ነው፤ ፋየርድሬክን የመሰለ ነፃ የፋይናይት ኤለመንት ሶፍትዌርም ስላለ የምህንድስና ተማሪ ያለ ምንም የፈቃድ ክፍያ ሊሞክረው ይችላል።

ከአራቱ ሥራዎች ሦስተኛው የጠቅላላውን ጥራት ይወስናል። አንደኛ ዲግሪ ኤለመንት ውስጥ ፖቴንሻሉ በአምዱ ላይ ሽቅብ ሲታይ ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ ሽቅብ ፍጥነቱ ከኤለመንቱ ታች እስከ ላይ አይለወጥም፤ ከኤለመንት ወደ ኤለመንት ግን ይዘላል። ገጹ ላይ ደግሞ ከአንድ ወገን ብቻ ስለሚነበብ ጥራቱ አንድ እርከን ይወርዳል። ያ ዝቅ ያለ ጥራት ነው 6,400 ጊዜ ተመልሶ ወደ ስሌቱ የሚገባው። መውጫው ሦስት ነው። በአምዱ ላይ ያሉትን የላይኛዎቹን ሦስት ወይም አራት ኖዶች በፖሊኖሚያል አያይዞ ሽቅብ ፍጥነቱን ከዚያ ማንበብ ይቻላል፤ ቀላል ነው፣ ለቀጥ ያሉ አምዶችም በደንብ ይሠራል። ወይም ፍጥነቱን በሙሉ ሜሽ ላይ አስታርቆ ቀጣይ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ የአናቱን ሹልነት ትንሽ ይደፍቃል። ሦስተኛው መንገድ የገጹን ፍሰት ከራሱ ከኤለመንት እኩልታው ማውጣት ነው፤ የገጹ ኖዶች ረድፎች ከመፍታት በፊት ከማትሪክሱ ይወጣሉ፣ ከፍቺው በኋላ ተመልሰው ሲባዙ የሚጎድለው መጠን የገጹ ፍሰት ነው። የምንመርጠው ይህን ነው። ምክንያቱም በውስጥ የተፈታውና ገጹ የሚንቀሳቀስበት ፍሰት አንድ ስለሚሆኑ ውሃም ኢነርጂም በመሃል አይጠፋም።

የመጋዝ ጥርስ

ሎንጌት-ሂጊንስና ኮክሌት በ1976 ሾጣጣ ሞገዶችን በድንበር ኢንቴግራል (የውሃውን ዳርቻ ብቻ ከፋፍሎ በሚያሰላ ዘዴ) ሲያሰሉ ገጹ ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ ከፍ ዝቅ የሚል የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ረብሻ አዩ። በፋይናይት ኤለመንትም ይኸው ይከሰታል። ምክንያቱ ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ መድኃኒቱም እንደ ምክንያቱ ይለያያል።

የገጽ ኖዶች ከውሃው ጋር አብረው እንዲጓዙ ከተደረገ ወደ አናቱ ይሰበሰባሉ፤ እርስ በርስ ሲቀራረቡ ለዚያ ርቀት የጊዜው እርምጃ ትልቅ ይሆናል። ለዚህ መፍትሔው ኖዶቹን ሽቅብና ቁልቁል ብቻ ማንቀሳቀስ ወይም በየተወሰነው እርምጃ በእኩል ርቀት መልሶ መደርደር ነው። ሁለተኛው ምክንያት የሜሹ ቅርጽ ነው። ሮበርትሰንና ሸርዊን በ1999 እንዳሳዩት ከገጹ ሥር ያሉት ኤለመንቶች ሲሜትሪ ከሌላቸው፣ ለምሳሌ ሦስት ማዕዘኖቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ፣ የጊዜው እርምጃ ምንም ያህል ቢያንስ የሚያድግ ረብሻ ይወለዳል። እርምጃውን ሲያሳንሱ ችግሩ ካልተወገደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ከገጹ ሥር ቢያንስ አንድ ንብርብር ቀጥ ባሉ አምዶች የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን ኤለመንት ማድረግ ይበጃል። ሦስተኛው፣ በከፍተኛ ዲግሪ ኤለመንቶች ላይ የሚታየው፣ የፍጥነት ካሬ ሲሰላ የሚወለዱት ከፍተኛ ድግግሞሾች በቂ የኢንቴግራል ነጥብ አጥተው ወደ ዝቅተኞቹ ሲደባለቁ ነው፤ ነጥቦቹን መጨመር ያስተካክለዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው አቋራጭ ማለስለስ ነው። የታወቀው ባለ አምስት ነጥብ ማለስለሻ የአንድን ነጥብ 10፣ የቅርብ ጎረቤቶቹን 4፣ የሩቆቹን ደግሞ ነጌቲቭ 1 እጅ ወስዶ ለ16 ያካፍላል። የመጋዝ ጥርሱን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። ዋጋውን ግን በእኛ ገንዳ ላይ እናስላው። በየእርምጃው ቢተገበር ከ1,600 እርምጃ በኋላ የ6.05 ሜትሩ ሞገድ አምፕሊቲዩድ (ከጠለሉ ያለው ከፍታ) የሚያጣው 0.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የ1.56 ሜትሩ ነፃ ሞገድ ግን የሚተርፈው 54 በመቶው ገደማ ነው። ከጠቅላላው ኢነርጂ አብዛኛውን የያዘው ረጅሙ ሞገድ ስለሆነ የኢነርጂው ቁጥር ጥሩ ሆኖ ይታያል፤ ስሌቱን የሠራንበት ምክንያት የሆነው የአናቱ ሹልነት ግን ቀስ በቀስ ሟሙቷል። ማለስለሻ የተጠቀመ ጥናት በስንት እርምጃ አንዴ እንደተጠቀመ ካልገለጸ የአናቱን ከፍታ አምኖ መቀበል አይገባም።

ሁለቱ የገንዳው ጫፎች

በግራው ጫፍ ሞገድ ቀስቃሹ አለ። ሳህኑ በመስመራዊው ቀመር በተሰላ እንቅስቃሴ ብቻ ከተነዳ ያልታሰበ የ1 ሰከንድ ነፃ ሞገድ አብሮ ይለቃል። ይህ ሞገድ አናቱ በሰከንድ 1.56 ሜትር ስለሚሄድ ከዋናው ጋር ተጣብቆ በ3.03 ሜትር ከሚጓዘው የሁለተኛ እርከን ክፍል ጋር አንዴ ይደመራል፣ አንዴ ይቀናነሳል። ውጤቱ ከቦታ ወደ ቦታ የሚለዋወጥ የአናት ከፍታ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሜሽ ስህተት መስሎ ይታሰባል። የሳህኑን እንቅስቃሴ በሁለተኛ እርከን ማረም ያስፈልጋል። ሳህኑና ገጹ የሚገናኙበት ኖድ ሁለት ሁኔታ በአንድ ጊዜ ስለሚጠየቅ እንቅስቃሴው በድንገት አይጀመር፤ በሁለት ፔሪየድ ውስጥ ቀስ እያለ ይደግ።

በቀኙ ጫፍ ሞገዱ ተመልሶ እንዳይመጣ ማርገቢያ ክልል ይቀመጣል። ርዝመቱ ከዋናው ሞገድ ሁለት እጥፍ፣ በእኛ ገንዳ 12 ሜትር ቢሆን መልካም ነው። የማርገቢያው ጥንካሬ ከዜሮ ተነስቶ በለሰለሰ ኩርባ ይጨምር፤ በድንገት ከጀመረ ራሱ እንደ ግድግዳ ይመልሳል።

ውጤቱን ማመን መቼ ነው?

ያማረ አኒሜሽን ምንም አያረጋግጥም። መጀመሪያ የሚሠራው ፈተና ቀስቃሽም ማርገቢያም በሌለበት ዝግ ገንዳ ውስጥ ቋሚ ሞገድን ብዙ ፔሪየድ ማወዛወዝ ነው፤ የውሃው መጠን መለወጥ የለበትም፣ ኢነርጂውም ወደ አንድ ወገን መንሸራተት የለበትም። ከሉክ መርህ ተነስቶ የተቀረጸ ስሌትና እንደ ስቶርመር-ቬርሌ ያለ የጊዜ ዘዴ ሲጠቀሙ ኢነርጂው በጠባብ ክልል ውስጥ ይወዛወዛል እንጂ እየተጠራቀመ አይጠፋም። ለረጅም ስሌት ይህ ከሩንግ-ኩታ ይመረጣል።

ቀጥሎ ሜሹንም የጊዜውንም እርምጃ በግማሽ መቀነስ ነው። አንደኛ ዲግሪ ኤለመንት ላይ ስህተቱ ወደ ሩብ መውረድ አለበት። ወደ ግማሽ ብቻ ከወረደ ችግሩ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የገጹ ፍጥነት በሚወጣበት መንገድ ላይ ነው።

ሦስተኛው ከቤተ ሙከራ ልኬት ጋር ማነጻጸር ነው። ቤጂና ባትየስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሠሩት ሙከራ እስካሁን የሚያገለግለው ርኅራኄ ስለሌለው ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ከገጹ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቅርበት የሚደርስ ጉብታ አለ፤ ፊቱ 1 ለ20፣ ጀርባው 1 ለ10 ያዘቀዝቃል። 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍታ ያለው የ2.02 ሰከንድ ሞገድ ጉብታው ላይ ሲወጣ አጫጭር ሞገዶችን ይወልዳል፤ ከጉብታው ጀርባ ነፃ ሆነው በየራሳቸው ፍጥነት ይበታተናሉ። ጉብታው ላይ ጥሩ የሚመስሉ ብዙ ስሌቶች የሚወድቁት ከጀርባው ባሉት መለኪያዎች ላይ ነው፤ አጫጭሮቹ ሞገዶች በተሳሳተ ፍጥነት ከሄዱ የገጹ ቅርጽ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

ሲሰበር

እስካሁን የተባለው ሁሉ የሚያገለግለው ሞገዱ እስኪሰበር ነው። ጥልቅ ውሃ ላይ የሚጓዝ ወጥ ሞገድ ቁመቱ ከርዝመቱ 0.142 ሲደርስ ወሰኑ ነው፤ አናቱ 120 ዲግሪ ማዕዘን ይሠራል። በሚገጣጠሙ ሞገዶች ላይ የተሻለው ምልክት የአናቱ ውሃ ፍጥነት ከአናቱ የራሱ ጉዞ ጋር ያለው ጥምርታ ነው፤ 0.85 ገደማ ካለፈ ሞገዱ ወደ መሰበር ይሄዳል። ሜሹ ከውሃው ጋር የሚጓዝ ከሆነ መገልበጡን የተገለበጠው ምላስ ከታች ያለውን ውሃ እስኪነካ ድረስ መከተል ይቻላል። አምዶቹ ቀጥ ያሉ ከሆነ ግን ገጹ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ከፍታ ሊኖረው ስለማይችል ስሌቱ ከዚያ በፊት ይቆማል።

የኤድንብራው ሙከራ ውጤት በ2019 ሲታተም ለዚህ ጥያቄ አዲስ ክብደት ሰጠው። ገንዳው 25 ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ ሲሆን ዙሪያውን በ168 ሞገድ ቀስቃሾች ተከቧል። ሞገዶቹ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲመጡ የድራውፕነርን አናት ሳይደርሱ ይሰበሩ ነበር። ሁለት የሞገድ ቡድኖች በ120 ዲግሪ ሲሻገሩ ግን መሰበሩ ባሕርዩን ለወጠ፦ ውሃው ወደ ፊት ከመገልበጥ ይልቅ ሽቅብ ተወርውሮ ተፈናጠረ፤ መሰበሩም የአናቱን ከፍታ እንደ ወትሮው አልገደበውም።

ለስሌት የሚያስከትለው ግልጽ ነው። ባለ ሁለት አቅጣጫ ገንዳ ምንም ያህል ጥንቁቅ ቢሆን ይህን ሞገድ ሊሰጥ አይችልም። 25 በ25 ሜትር ስፋትን በዚያው 7 ሳንቲ ሜትር ብንከፍል 127,449 አምድ፣ በ11 ኖድ ሲባዛ 1.4 ሚሊዮን ኖድ ይሆናል፤ ከቀድሞው 220 እጥፍ በላይ ነው። የቀጭኑ ባንድ ጥቅም ይጠፋል፣ በተለያየ ጥግግት ባላቸው ሜሾች ላይ እየተመላለሰ የሚፈታው መልቲግሪድ ግዴታ ይሆናል፣ ሥራውም ወደ ብዙ ፕሮሰሰሮች ይከፋፈላል። የተፈናጠረውን ውሃ ለማስላት ደግሞ ፖቴንሻሉ አይበቃም፤ ዝልግልግነትንና ሽክርክሪትን ጨምሮ ውሃንና አየርን አንድ ላይ የሚፈታ የናቪየር-ስቶክስ ስሌት ይጠይቃል፣ እሱም በየኖዱ ብዙ እጥፍ ውድ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ተመራጩ አካሄድ ሁለቱን ማጣመር ነው፦ ሞገዱ ከሩቅ ተነስቶ እስኪገጣጠም ፖቴንሻሉ ይወስደዋል፣ በተርባይኑ ምሰሶ ዙሪያ ባለች ጠባብ ክልል ውስጥ ደግሞ ናቪየር-ስቶክስ ይረከባል። አስቸጋሪው መረካከቢያው ነው። ከውጭ የሚገባው ፍጥነትና ገጽ ከውስጡ ጋር በአንድ ጊዜ ካልተስማሙ ከመገናኛው ላይ የውሸት ሞገድ ይነሳል። መገናኛው ላይ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ያህል፣ በእኛ ልኬት፣ የሁለቱ ስሌቶች መልስ ቀስ በቀስ የሚደባለቅበት የጋራ ክልል መተው ይህን ያቃልላል። ምሰሶው የሚያንፀባርቀው ሞገድ ወደ ውጭ እንዲያልፍም ያው ክልል በሁለቱም አቅጣጫ መሥራት ይኖርበታል፤ መረጃ ወደ ውስጥ ብቻ የሚያስተላልፍ አንድ-ወገን መገናኛ ከተጠቀምን ግን የተንፀባረቀው ሞገድ ክልሉ ውስጥ ታጉሮ እንዳይቀር ከዳሩ ላይ የሚያረግበው ስፍራ መጨመር አለበት።